የአያቴ ቤት የነበረበት ሜዳ

ጌዴኦ ውስጥ ባዶ መሬት የለም። ይህን የምለው አገሩን ለማድነቅ አይደለም፤ መኪና አቁሞ የሚያድርበት ቦታ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው ስለሆንኩ ነው። ከዲላ ተነስቶ ወደ ይርጋጨፌ ለሚነዳ ሰው ግራ ቀኙ አረንጓዴ ነው፤ ጉሙ ከዛፎቹ ላይ አይለቅም፣ ዝናቡም ወቅት አይጠብቅም። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ስልካቸውን በመስኮት አውጥተው "ገነት ነው" ይላሉ። ከሆነ እንግዲህ ማቆሚያ የሌለው ገነት ነው። ከትልልቁ ዛፍ ሥር እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ ከቡናው ሥር ጎመን አለ፤ ከጎመኑ ጀርባ ደግሞ ምን ፈለግክ የሚል ባለቤት ብቅ ይላል። ሜዳ የሚመስል ነገር ካየህ ወይ ትምህርት ቤት ነው፣ ወይ ቡና የሚሰጣበት፣ ወይ ደግሞ የአገር ሽማግሌዎች ለሸንጎ የሚቀመጡበት ሶንጎ ነው፤ እዚያ መኪና ማቆም ቀርቶ ጮክ ብሎ ማውራትም ነውር ነው።

እኔ ሾፌር ነኝ። ለዓመታት ቱሪስት ይዤ እስከ ኮንሶና ጂንካ የተመላለስኩበት ሚኒባስ አለኝ። መንገዱ ሲከፋና እንግዳ ሲጠፋ መኪናው በር ላይ ቆሞ የዶሮ ማደሪያ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ወንበሮቹን አስነቀልኩ፤ ዲላ ያለ አንድ በያጅ አልጋ ገጠመለት፣ መደርደሪያ ሠራለት፤ ቡታጋዝና የውሃ ጀሪካን አስገባሁ፣ መጋረጃ ሰቀልኩ። ዝናብ የማይፈራ እንግዳ ባገኝ ይዤው እየዞርኩ እዚያው ላሳድረው ነበር ሐሳቤ። የሰፈሩ ሰው ሳቀብኝ። መኪናውን "ቀንድ አውጣ" ብለው ስም አወጡለት፤ ቤት እያለው መኪና ውስጥ የሚተኛ ሰው የት ታገኛለህ፣ የደላው ሙቅ ያኝካል አሉኝ። አልተሳሳቱም፤ አንድም እንግዳ አልመጣም። የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም ተሳፋሪ እናቴ ሆነች።

እናቴ ከይርጋጨፌ ወጣ ብሎ ያለው የኮንጋ ገጠር ልጅ ናት። አባቴ ከደጋ መጥቶ ዲላ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነበር፤ አግብቶ ወደ ከተማ አመጣት። ከዚያ በኋላ የትውልድ ቀዬዋን የምታየው ለለቅሶ ስትሄድ ብቻ ሆነ፤ ሄዳም በዚያው ቀን ትመለሳለች፣ ሱቅ አለ፣ ልጅ አለ። አባቴ ሞቶ፣ ሱቁ ተዘግቶ፣ ልጆቿ አድገን አሁን ጊዜ አገኘች ሲባል ደግሞ ወድቃ ዳሌዋ ተሰበረ። ቢጠገንም ዳገት አይሆንላትም፤ ዝቅ ያለ አልጋ ላይ ከተኛች ያለ ሰው አትነሳም፤ ለመጸዳጃም ወንበር ይበጅላታል። አንድ ቀን መኪናው ውስጥ ገብታ አልጋውን በእጇ ስትዳብስ ቆየችና፣ "ይሄ አልጋ አባቴ ደጅ ድረስ ይሄዳል?" አለችኝ። መንገድ እስካለ ይሄዳል አልኳት። አንድ ሌሊት እዚያ ላድር፣ ሲነጋ ልየው አለች። እናቴ ለራሷ ብላ አንድ ነገር ስትጠይቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በልግ ነበር፤ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ይወርዳል። ቀዬዋን ለመጨረሻ አስቀርታ መጀመሪያ አገሩን መዞር ፈለገች። ዱመርሶ አንድ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ዘበኛውን ለመንኩት። የቡናው ጊዜ አልፎ ማስጫዎቹ ባዶ ስለነበሩ አስገባን፤ የፈላ ውሃ በፔርሙስ ይዞልን መጣ፣ አልጋዋን አይቶም ተደነቀ። ከዚያ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከማን ጋር ተጣልታችሁ ነው ብሎ ጠየቀኝ። በዚህ አገር መኪና ውስጥ የሚያድር ሰው ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ዘመድ የለውም፤ ሌላ ምክንያት ሊኖር እንደሚችል ማንንም ማስረዳት አይቻልም። ወርቃ ስንደርስ አንድ ቤተ ክርስቲያን ግቢ አደርን። እዚያም ሴቶቹ ጎመንና ቆጮ ይዘው መጥተው እናቴን በአዘኔታ ያይዋት ነበር። እሷ ትስቅ ነበር። እኔ ዘመድ አለኝ፣ ነገ የአባቴ ደጅ ነኝ ትላቸዋለች በጌዴኦኛ። አፏ ከልጅነት ቋንቋዋ ጋር ሲገናኝ ፊቷም ልጅ ይሆን ነበር።

ኮንጋ የገባነው ከሰዓት በኋላ ነው። ታናሽ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ ከመንገዱ ጀምሮ በጭቃው እየሮጠ ተቀበለን። ያቀፋት መኪናው ውስጥ ገብቶ ነው፤ አለቀሰ፣ እሷም አለቀሰች። የእሱ የቆርቆሮ ቤት እላይ፣ ዳገቱ ጋ ነው። አያቴ የኖረበት የሣር ቤት ግን የነበረው ታች፣ መንገዱ ዳር፣ ብቸኛው ሜዳ ላይ ነው። ቤቱ ፈርሶ ሣር በቅሎበታል፤ ጥጃ ታስሮበታል። እናቴ ምድጃው የነበረበትን፣ እናቷ የወለደቻት በየትኛው ጥግ እንደሆነ በጣቷ አሳየችኝ። መኪናውን ልክ እዚያ ላይ አቆምኩት። አጎቴ ጥጃውን ራሱ ፈትቶ ቦታ ለቀቀልኝ። ወተት መጣ፣ ምግብ መጣ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ። ይህን ሁሉ የምናገረው ክፉ ሰው ነበር እንዳይባል ነው፤ ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ቀኑ ሲመሽ አጎቴ ወጣቶች ጠርቶ ተሸክመው ወደ ቤቱ እንዲያወጧት አዘዘ። አልጋውን ለእሷ አስነጥፎ ነበር። እናቴ እንደማትወጣ፣ እዚሁ አልጋዋ ላይ እንደምታድር ነገረችው። የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። ወደ ቤቱ ሲመለስ እኔ መድኃኒቷን የምትውጥበት ሙቅ ነገር ላዘጋጅ ብዬ ቡታጋዙን ብለኩስ እርጥበት ገብቶት እንቢ አለ። ሦስት ድንጋይ አምጣ አለች። አመጣሁ። በመኪናው በር በኩል፣ ላስቲክ በወጠርኩበት ሥር ጎለትኩት፤ ከአጥሩ ሥር ደረቅ ጭራሮ ለቅሜ አነደድኩ። እኔ ከተማ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ሦስት ድንጋይ ለእኔ ድስት ማስቀመጫ ነው። እናቴ ግን በሩ ላይ ተቀምጣ እሳቱን ስታየው ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር የድስት ጉዳይ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ አጎቴ ጃንጥላ ይዞ፣ ሁለት ሽማግሌ ጎረቤቶች አስከትሎ ወረደ። ፊቱ ተለውጧል። አማርኛው ሴትና ወንድ እምብዛም አይለይም፤ ሌላ ጊዜ በዚያ እናስቀው ነበር።

"እህቴ ቤት ይዞ መጣ፣ ጉልቻ ጎለተ፣ እሳት አነደደ" አለኝ። "እንግዳ ከሆነ ቤቴ ክፍት ነው፤ እኔ መሬት እተኛለሁ። እዚህ ግን አያድርም።"

የአንድ ሌሊት ነገር ነው፣ እህትዎ ናት አልኩት። ሽማግሌዎቹ ተቀብለው አስረዱኝ። ላይ ሠፈር ለለቅሶ የመጣች የአንድ ሰው እህት ጥግ ይዛ ጎጆ ቀለሰች፣ እሳት አነደደች፣ ወንድሟም ምንም አላላትም። ኋላ ወንድሟን ፍርድ ቤት አቆመችው፤ ቡናውን ለሁለት ከፈለ። አሁን ልጆቹ የሚያርሱት አጥተው ዲላ ቀን ሥራ ይሠራሉ። እሳት የነደደበትና ሰው ያደረበት መሬት ምስክር ያገኘ መሬት ነው አሉኝ። አጎቴ ብዙ ወንዶች ልጆች አሉት፤ መሬቱም ከመዳፍ ብዙ አይሰፋም። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ ወተት እየጠጣ የተነጋገረው ይህንኑ ነበር ለካ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው አስፈራርተውታል፤ አልጋ፣ ምድጃና መጋረጃ ይዞ የመጣ ሰው ለአንድ ሌሊት ነው ብሎ ማን ያምናል?

እናቴ መሬት እንደማትፈልግ አልማለችለትም። እኔ በእሷ ፈንታ ልምል ስል በእጇ አስቆመችኝ። ወንድሟን በጌዴኦኛ አናገረችው፤ አሳምሬ ባልናገረውም ይገባኛል።

"አንተን ያዘልኩህ እዚህ ሜዳ ላይ ነው" አለችው። "ስታለቅስ የማዞርህ እዚህ ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ። ቀና ብሎ አላያትም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የሚነደውን እንጨት አንድ በአንድ እያወጣ ጭቃው ላይ አጠፋው፤ ድንጋዮቹን በእግሩ ገለበጣቸው። ሥራውን እንደሚሠራ ሰው ነበር የሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆጣ። ኮሌታውን ልይዘው አንድ እርምጃ ቀርቶኝ ነበር። እናቴ ከኋላዬ፣ "ልጄ፣ መኪናውን አስነሳ" አለች።

ይርጋጨፌ ነዳጅ ማደያ ገብተን በአይሱዙዎች መሐል አቆምን። የማደያው ዘበኛ ፖንቾውን እንደለበሰ በመስኮት አጮልቆ አየና፣ አሮጊት ይዘህ በዚህ ዝናብ፣ ዘመድ የላችሁም ወይ አለ። እኔ መልስ ስፈልግ እናቴ ከአልጋዋ ሆና፣ "የለንም" አለችው። ሰውየው አዘነ፤ ከጣሪያው ሥር እንድንጠጋ ፈቀደልን። ጠዋት መጋረጃውን ስገልጥ የታየን የናፍጣ በርሜልና የከባድ መኪና ጎማ ነበር። እናቴ አየት አደረገችውና መልሳ ዘጋችው። ዲላ ስንገባ እህቶቼ እንዴት ነበር ሲሏት ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። እኔ ግን አልተውኩትም፤ እስከ ዛሬም አልተውኩትም።

ክረምቱ ሳይወጣ ሞተች። እድሩ ድንኳን ሳይጥል አጎቴ አንድ የጭነት መኪና ሙሉ ሰው ይዞ ደረሰ። ደረቱን እየደቃ አለቀሰ፤ ከልቡ ነው፣ ያንን አልክደውም። ከዚያ ሽማግሌዎቹ ቀረቡና አስከሬኗን ለመኑ። እህታችን ከተማ ብትቀበር ለእኛ ውርደት ነው፣ ከአባቷ ጎን ትረፍ አሉ። ከሚለምኑት መሐል ያን ምሽት ከአጎቴ ጋር የወረዱት ሁለቱም ነበሩበት። በቁሟ አንድ ሌሊት የነፈጋችኋትን ዛሬ ለዘላለም ልትሰጧት መጣችሁ ወይ አልኳቸው። አንገታቸውን ደፉ። የእድሩ ዳኛ ክንዴን ይዞ ወደ ጎን ወሰደኝና፣ በሬሳ ፊት አትጣላ፣ ይልቅ እሷ የት ትወድ ነበር ብሎ ጠየቀኝ። የት ትወድ እንደነበር አውቃለሁ። ለእነሱ ብዬ ሳይሆን ለዚያ ብቻ እሺ አልኩ።

ሳጥኑ የሄደው በእኔ መኪና፣ በእሷ አልጋ ላይ ነው። ኮንጋ ስንደርስ ዝናቡ ይወርዳል፣ ቀዩ ጭቃ ጎማ ይውጣል። አጎቴ ከጭነት መኪናው ወርዶ ወደ ሜዳው ቀደመኝ፤ ጥጃውን ፈታና ከኋላዬ ቆመ። በመስታወት ነው የማየው፤ ዝናቡ በፊቱ እየወረደ በሁለት እጁ ያስገባኛል። ና፣ ና፣ ግራ ስበር፣ ትንሽ፣ በቃ። ያቆመኝ ልክ በበልግ ባቆምኩበት ቦታ ላይ ነው። የተገለበጡት ድንጋዮች ሣሩ ውስጥ ነበሩ፤ ጥላሸቱ ገና አልለቀቃቸውም።

ቀብሩ አልቆ ሰው እጁን ሲታጠብ ሴቶቹ እነዚያኑ ድንጋዮች ጎልተው ውሃ አፍልተዋል። እሳቱ በመኪናዬ በር በኩል ቦግ ብሎ ይነድዳል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ከብቦ ይሞቀዋል። አጎቴ አጠገቤ መጥቶ ትከሻዬን ያዘና የትም እንዳልሄድ ለመነኝ።

"መኪናህ እዚሁ ይደር" አለኝ። "የእናትህ መሬት ነው።"

እጁን ከትከሻዬ አወረድኩና ሞተሩን አስነሳሁ። ይርጋጨፌ ማደያው ስገባ ያው ዘበኛ ነበር፤ መኪናውን አወቀውና እጁን ዘርግቶ ወደ ጣሪያው ሥር መራኝ። ዘመድ የለህም ወይ ብሎ አልጠየቀኝም፤ እናቴ ነግራዋለች።