የኢያቄም ናፍጣ መኪና

ሩቲ «መኪና ልትገዛ ስትሄድ መኪና የሚያውቅ ሰው ይዘህ ሂድ» ብላ ባሏን መክራው ነበር። ኢያቄም ግን ይዞ የሄደው እናቱን ነው።

ወይዘሮ አሰፋሽ ስለ መኪና የሚያውቁት ነገር ቢኖር መሳፈር ብቻ ነው። ባምቢስ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ደላላው የአሮጌውን ፒካፕ በር ከፈተላቸው። ተደግፈው ጋቢና ገቡ፤ እግራቸውን ዘረጉና «እሰይ፣ እዚህስ ጉልበቴ አይታጠፍም» አሉ። በቃ፣ መኪናው በዚህች ቃል ተሸጠ።

ዕድሜው ከኢያቄም ዕድሜ እምብዛም አያንስም። ድሮ ነጭ ነበር፤ ሰማያዊ ተቀባ፤ አሁን ደግሞ ሰማያዊው እየተላጠ ነጩ ተመልሶ እየመጣ ነው። የናፍጣ መለኪያው አይሠራም። ደላላው ግን ለዚህም መልስ አላጣም።

«ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ናፍጣ ነው! ናፍጣ ሞተር አይሞትም። መለኪያ ምን ያደርግልሃል? ዱላ ሰደድ አድርገህ ታየዋለህ፣ አለቀ።»

ሰው በርካሽ ያገኘውን ነገር ነውሩን አያይም። ኢያቄም ዱላ ቆርጦ ከወንበሩ ኋላ አስቀመጠ፤ መለኪያ ማሠራቱን ለደመወዝ ቀን አሳደረው፤ ደመወዝ ሲመጣም ሌላ ነገር ቀደመው።

መኪናውን የገዛው ለሽርሽር አልነበረም። እናቱ አርባ ዓመት የኖሩበት የካዛንቺስ ሰፈር ለልማት ሲነሳ ጎረቤት ሁሉ ተበተነ፤ አንዱ ገላን፣ ሌላው አያት፣ ሌላው የት እንደደረሰ እንኳን አይታወቅም። ወይዘሮ አሰፋሽ ላንቻ ልጃቸው ተከራይቶ ከሚኖርበት ቤት ገቡ። ቅሬታ አላሰሙም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው፤ መንዝ ያለውን ወንድማቸውን በለጠን ማየት። አባትና እናታቸው በልጅነታቸው ሲሞቱባቸው ተሸክሞ ያሳደጋቸው በለጠ ነው። የጉልበት ሕመሙ ከጠናባቸው ወዲህ አውቶቡስ ላይ ተቆራምደው ያን ሁሉ መንገድ መሄድ ስላልቻሉ ወንድምና እህት በስልክ ብቻ እየተነፋፈቁ ዓመታት አለፉ። በለጠ ስልክ በዘጋ ቁጥር «አንቺን ሳላይ አልሞትም» ይል ነበር።

ኢያቄም መኪናውን ገዝቶ ለእናቱ ቃል ገባ። ከዚያም በዚህ ሳምንት ጎማ፣ በሚቀጥለው ባትሪ፣ በዚያኛው ቦሎ እያለ ጊዜው ሄደ። አንድ ሐሙስ አመሻሽ ላይ የአጎቱ ልጅ ተስፋለም ከመንዝ ደወለ። ጋሼ በለጠ አርፈዋል። ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

እንግዲህ መርዶ ዝም ብሎ አይነገርም። ካዛንቺስ ቢሆን ኖሮ ሥርዓቱ የታወቀ ነበር፤ ሳይነጋ የሰፈሩ ሽማግሌዎች በር ያንኳኳሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ተከትለው ይገባሉ፣ ባለመርዶዋ ስትወድቅ የሚይዝ እጅ ይከባታል። ላንቻ ላይ ወይዘሮ አሰፋሽን የሚያውቃቸው ሰው ቢኖር ባለሱቁ ነው። ኢያቄም ለሁለት የድሮ ጎረቤቶች ደወለ፤ አንዱ ራሱ ታሟል፣ ሌላው ከገላን ሌሊት ታክሲ ከየት አምጥቶ ይምጣ? ስለዚህ ባልና ሚስት ጓዳ ገብተው መከሩ። ለእናቱ «ጋሼን ትንሽ አሟቸዋል» ይባላል፤ ጠዋት በመኪናው ይወሰዳሉ፤ መንዝ ሲደርሱ የገዛ ዘመዶቻቸው ተቀብለው መርዶውን ይነግሯቸዋል፤ ወንድማቸውንም ይሸኛሉ። ክፋት የለበትም፤ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሩቲ የእናትየዋን ጥቁር ቀሚስ በፌስታል ጠቅልላ ከወንበሩ ኋላ፣ ከጋቢው ሥር ሸጎጠችው።

ጠዋት ወይዘሮ አሰፋሽ እንደ ሙሽራ ደስ ብሏቸው ወጡ። «ጉንፋን ነው ያልከኝ? ይኼ ብርድ አይለቀው። እኔ ስደርስ ይሻለዋል» አሉ። ቤት የምትቀረው ሩቲ ፊቷን አዞረች።

ኢያቄም በሆዱ ሰዓት እየቆጠረ በአፉ ደግሞ ይጫወታል። ሸኖ ሲደርሱ እናቱ «አቁም» አሉት፤ በለጠ ቅቤ ይወዳል። አቆመ። ወይዘሮ አሰፋሽ የካዛንቺስ ገበያ ያስተማራቸውን ክርክር ሁሉ አወጡ፤ ቀመሱ፣ አሸተቱ፣ ሄዱ፣ ተመለሱ። ኢያቄም መሪውን እንደ ጨበጠ ጥርሱን ነከሰ። ለሞተ ሰው ቅቤ እየተመረጠ ነው፤ «ቶሎ በይ» ቢል ለምን ሊባል ነው። እናቱ ቅቤውን ጭናቸው ላይ አድርገው ሲመለሱ «ዋጋውን አስጣልኳት» ብለው ሳቁ፤ እሱም አብሮ ሳቀ።

ደብረ ብርሃን ላይ የናፍጣው ሰልፍ ከማደያው ወጥቶ መንገዱን ይዞ ሄዷል። ኢያቄም ዱላውን ሰደደ፤ ጫፉ ረጥቧል። ይበቃል አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል ስንት ጊዜ ሰምቷል፤ ግን ተረት የሚታወሰው ሁልጊዜ ከፈሰሰ በኋላ ነው።

ከጣርማ በር ወደ ግራ ታጥፈው መዘዞን አለፉ። ጓሳ ላይ፣ ከሣርና ከንፋስ በቀር ምንም በሌለበት ሜዳ፣ መኪናው ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ዝም አለ። ዱላው ደርቆ ወጣ።

እዚህ ላይ እግዜር አልጨከነበትም። ከመሐል ሜዳ የሚመጣ አይሱዙ ቆመለት፤ ሾፌሩ ከራሱ ቀድቶ አንድ ጀሪካን ናፍጣ ሰጠውና ምስጋናውን እንኳን ሳይጠብቅ ነድቶ ሄደ። ኢያቄም ናፍጣውን ገልብጦ ቁልፉን ዞር አደረገ። ሞተሩ ዞረ፤ አልተነሣም። ደገመ። ሠለሰ። ናፍጣ ሞተር አንዴ ባዶውን ከቀረ አየር እንደሚስብ፣ አየሩ ካልወጣለት ደግሞ ጋን ሙሉ ናፍጣ ቢጠጣ እንደማይነሣ የነገረው የለም። የሚነግረውን ሰው ይዘህ ሂድ ተብሎ ነበር። ባትሪው እስኪደክም፣ ድምፁ እስኪሰልል ድረስ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረው።

ስልኩ ጠራ። ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ አነሣው።

«የት ደረሳችሁ?» አለ ተስፋለም። «አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሊወጣ ነው። ቄሶቹን ለመንኳቸው፤ ከዘጠኝ አናሳልፍም ብለዋል።»

«ደርሰናል፣ በቃ... ጓሳ ነን። መኪናው...»

መስመሩ ተቋረጠ።

ትንሽ ቆይቶ ከጣርማ በር በኩል አንድ ሚኒባስ መጣ። ኢያቄም መንገዱ መሐል ገብቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሚኒባሱ ጢም ብሏል፤ ሾፌሩ አንገቱን አወጣና አሮጊቷን አየ።

«እማማ ይግቡ፣ እናስጠጋለን። ግን አንድ ሰው ነው የምንችለው።»

የኢያቄም ልብ በደስታ ዘለለ። የእናቱን ክንድ ያዘ። «እማዬ፣ አንቺ ቅደሚ። እኔ መኪናውን አስነሥቼ እደርስብሻለሁ።»

«ልጄን ጓሳ ላይ ለብርድ ጥዬ? ምን ሲደረግ!»

«ጋሼ በለጠ ይጠብቁሻል እኮ።»

«ይጠብቀኛ! ይኼን ሁሉ ዓመት የጠበቀ ሰው እስከ ማታ ያቅተዋል? አንተው አይደለህ ‹ጉንፋን ነው› ያልከኝ?»

ኢያቄም ክንዳቸውን ወደ ሚኒባሱ ሳብ አደረገ። «ማለቴ... ጠንከር ሳይልባቸው አልቀረም። ቅድም ተስፋለም ሲደውል...»

እናቱ ሳቁ። «አየህ፣ እኔን ለማስኬድ ስትል አሁን ደግሞ አጠናህበት። አውቅሃለሁ፤ እኔ እንዲመቸኝ ብለህ መዋሸት ከልጅነትህ ነው።» ከዚያ ለሾፌሩ «ሂድ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልህ፤ አብረን እንመጣለን» አሉት።

«እማማ፣ ይወስኑ፤ ሰው እየቸኮለ ነው።»

ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። «ሞቷል» ማለት ብቻ ነው፤ አንዲት ቃል። ግን በመስኮቱ የሚያዩትን ፊቶች ቃኘ፤ አንዱንም አያውቀውም። እናቱ በማያውቁት ሰው ጉልበት ላይ ተደፍተው ወንድማቸውን ሲጠሩ፣ ማንም ስማቸውን ሳያውቅ፣ ማንም «አይዞሽ አሰፋሽ» ሳይላቸው ታየው። እንዲህ አይደለም መርዶ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ኢያቄምም የያዘውን ሥርዓት ይዞ ቀረ። ሚኒባሱ ሄደ። አቧራው እስኪበርድ ድረስ ቆሞ አየው፤ ወዲያው ሮጦ ሊመልሰው ፈለገ፤ ግን አልሮጠም።

ከዚያ በኋላ ሌላ መኪና አልመጣም። ኢያቄም ኮፈኑን ከፍቶ የማያውቀውን ብረት ሁሉ ነካካ፤ እጁ ደማ። ጸለየ። ሰደበው። እንደገና ጸለየ።

ንፋሱ ሲበረታ ወይዘሮ አሰፋሽ ጋቢ ፍለጋ ከወንበሩ ኋላ እጃቸውን ሰደዱ።

ኢያቄም ከኮፈኑ ሥር ቀና አለ። እናቱ በተከፈተው በር እግራቸውን ወደ ውጪ አውጥተው ተቀምጠዋል። ጥቁሩ ቀሚስ ጭናቸው ላይ ነው፣ ከቅቤው ጎን።

«ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?»

ማን ሞተ አላሉም። ኢያቄም ሊዋሽ አፉን ከፈተ፤ ውሸት ግን አልቆበታል። «ዘጠኝ ሰዓት» አለ።

«አሁንስ?»

ስልኩን አየ። «አለፈ።»

ወይዘሮ አሰፋሽ ሚኒባሱ የሄደበትን መንገድ አዩ። «ያ መኪና አንድ ቦታ ነበረው» አሉ።

«እማዬ፣ በመንገድ ላይ እንዳትደነግጪብኝ ብዬ...»

«ብትነግረኝ ቆሜ እሄድ ነበር። ጣሪያው ላይም ቢሆን እሄድ ነበር።»

ቢጮሁበት፣ ቢረግሙት ይሻለው ነበር። ጥቁሩን ቀሚስ ከላይ ደረቡት፤ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ፤ ከመኪናው ወርደው በመንገዱ ዳር በዚያ ጉልበታቸው መራመድ ጀመሩ። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ድምፃቸው ወጣ፦ «በለጤ! አሳዳጊዬ! እናቴም አባቴም!» በዚያ ሜዳ የሚቀበላቸው አልቃሽ አልነበረም። ኢያቄም ሮጦ ክንዳቸውን ሊደግፍ ሲል እጁን ቀስ አድርገው ከላያቸው አነሡት።

በዚህ መሐል ነው አንድ የጭነት መኪና ከኋላ ደርሶ ፒካፑ አጠገብ የቆመው። ሾፌሩ ኪዱ የሚሉት ቀልደኛ ነገር ነው፤ የሆነውን ሳያውቅ «አየር ስቦ ነው፣ ምንም አይደል!» አለና አንዲት ብሎን አላልቶ፣ በእጁ ፓምፕ አድርጎ፣ አረፋው ሲያልቅ መልሶ አጠበቃት። ከራሱ ባትሪ ገመድ ቀጠለ። ሞተሩ አንዴ ጮኾ ተነሣ፣ ሜዳውን በጭስ ሞላው። ሻይ እስኪጠጣ እንኳን አልፈጀም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። «አየህ፣ ናፍጣ አይሞትም!» አለ ኪዱ ትከሻውን መታ አድርጎ፤ ኢያቄም ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

እናቱን ከመንገዱ ዳር አሳፍሯቸው መንዝ ሲደርሱ ሕዝቡ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ገብቷል። መርዶ ሊነግሩ የተዘጋጁት ሴቶች ብድግ ብለው መጡና ጥቁሩን ቀሚስ ሲያዩ እዚያው ቆሙ። ወይዘሮ አሰፋሽ ቅቤውን ለአንዷ ሰጥተው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አለፉ። አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። «ዘገየሁብህ» ሲሉ ኢያቄም ከአጥሩ ውጪ ሰማቸው።

ለጠየቃቸው ዘመድ ሁሉ «መኪናው ተበላሽቶብን ነው» አሉ። ስለዚያች ሚኒባስ ለማንም አልተናገሩም፤ ለሩቲም ቢሆን። ይህ ነው ኢያቄምን እንቅልፍ የነሳው። ላንቻ እንደተመለሰ መጀመሪያ ያደረገው የናፍጣ መለኪያውን ማሠራት ነው፤ አሁን መለኪያው ይሠራል፣ ሙሉ ነው፣ ማንም አያየውም።

ለአርባው ወይዘሮ አሰፋሽ የወንድማቸውን ስም ይዘው ኡራኤል ሊሄዱ ተነሡ። ኢያቄም መኪናውን አጥቦ፣ ሞተሩን አሙቆ፣ በሩን ከፍቶ ጠበቃቸው። እናቱ አጠገቡን አልፈው ወደ ታክሲ ተራው ሄዱ። ሞተሩን አጥፍቶ ተከተላቸው።

«ኡራኤል! ካዛንቺስ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ይላል ረዳቱ።

«ተዪው እማዬ፣ ለሁለታችንም የሚሆን ይመጣል።»

እሳቸው ግን እግራቸውን አንሥተዋል። ረዳቱ «አንተ በሚቀጥለው ና» አለውና በሩን ሳበው። ወይዘሮ አሰፋሽ በመስኮቱ አዩት፤ አልተቆጡም። ከኋላ ወንበር ላይ፣ ከሦስት ሰው ጋር ተጣበው፣ ጉልበታቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል።