የኢስታንቡል ማንከኖች

ከሸዋ ሮቢት የወጣሁ ዕለት ገና የሱብሂ አዛን እየተሰማ ነበር። አባባ የሚኒባሱን ሾፌር ስሙን፣ ታርጋውን፣ የአባቱን አገር ሳይቀር ጠየቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ዘይነብ፣ ሳቅ የሚያበዛን ሰው እንዳታምኚ» አለኝ። እኔም የእሱ ልጅ ነኝና ፓስፖርቴን ከቀሚሴ ጋር ሰፍቼ ኢስታንቡል ገባሁ።

ብርዱን አልነግራችሁም። እኛ ከፀሐይ ሸሽተን ማንጎ ሥር የምንቀመጥ ሰዎች ነን፤ የዚህ አገር ፀሐይ ግን ወጥታም አታሞቅም፤ እሷንም መጠርጠር ጀምሬያለሁ። ሥራ ያገኘሁት የሴቶች ልብስ ቤት ነው። ጠዋት ጠዋት የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቹን አለብሳለሁ፤ ቱርኮቹ «ማንከን» ይሏቸዋል። ቅንድብ አላቸው፣ ከንፈር አላቸው፤ ዞር ስል የሚያዩኝ ይመስለኛል።

ከሱቁ በቀር የምሰግድበት የለኝም፤ የልብስ መለኪያዋ ክፍል ግንባር ደፍቶ ለሱጁድ አትበቃም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሱራ ፊት፣ የሰው ምስል ፊት ማለቴ ነው፣ አይሰገድም። አባባ ሮቢት ላለው የልብስ ሱቁ ያመጣቸውን አሻንጉሊቶች እንኳ አንገታቸውን በመጋዝ ቆርጦ ነው ያቆማቸው። እኔ መጋዝ ስለሌለኝ በመጀመሪያው ቀን፣ ዙሁር ሲደርስ፣ የዘጠኙንም ማንከኖች ፊት በሻሽ ጠቅልዬ ሰገድኩ። ሶላቴን አሰላምቼ ዞር ስል የሱቁ ባለቤት ሙስጠፋ ቤይ በሩ ላይ ቆሟል።

«ምን እያደረግሽ ነው? ሌባ የገባ መስሎኝ ፖሊስ ልጠራ ነበር!» አለኝ። የምንግባባው መድረሳ በለቃቀምኳት አረብኛ ነው።

«ሱራ ፊት አልሰግድም።»

«ፕላስቲክ እኮ ናቸው!»

«ፊት አላቸው። ለመሆኑ ማንከን ምን ማለት ነው?»

ኮራ ብሎ አስረዳኝ። ቃሉን ከፈረንሳዮች ነው የወሰድነው አለ፤ ፈረንሳዮች ደግሞ ከሆላንዶች፤ እዚያ «ትንሽ ሰው» ማለት ነው። ድሮ ሠዓሊና ልብስ ሰፊ የሚሠሩበት የእንጨት ሰው ነበር። ልብስ ለብሳ ለገዢ የምታሳይ ሴትም ማንከን ትባላለች።

«ይኸው፣ ሰው ነው አልክ!» አልኩት።

አልሳቀም። «ሁለተኛ ከሸፈንሻቸው ሥራ የለሽም» አለኝ።

ሥራው ከሄደ የመኖሪያ ፈቃዴም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ፣ የመካ አቅጣጫ በእነሱ በኩል ነውና፣ ዓይኔን ሰብሬ እፊታቸው እሰግዳለሁ። አላህ ይቀበለኝ አይቀበለኝ አላውቅም፤ ሱጁድ ላይ ሆኜ አለቅሳለሁ።

ትናንት አባባ በቪዲዮ ደወለ። ማንከኖቹ እንዳይታዩት፣ እንደ ልማዴ ወደ ነጩ ግድግዳ ተጠግቼ አነሳሁት።

«የት ነው የምትሰግጂው?» አለኝ።

«እዚሁ፣ ሥራ ቦታ።»

«እስቲ ካሜራውን አዙሪው።»

«ኔትወርኩ ደካማ ነው፣ አባባ…»

«ዘይነብ! አዙሪው አልኩሽ።»

ከጀርባው የሮቢት ባጃጆች ጡሩንባ ይሰማኛል። ፂሙ ሸብቷል። ናፈቀኝ፤ ፈራሁትም። አላዞርኩትም፣ አልዘጋሁትምም፤ ጀርባዬን ነጩ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ።