የባለቤቴ የክርስትና ስም፦ ከሰንጋ ተራ እስከ ኡራኤል

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከሰንጋ ተራው ኮንዶሚኒየማችን ወጣሁ። የምሄደው ካዛንቺስ ነበር፤ መድረሻዬ ግን ኡራኤል ሆነ። ይሄ ደግሞ ጉዞ ይባላል ወይ የሚል አይጠፋም፤ መንገዱ ካልተዘጋጋ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም። ጎንደር ድረስ በአውቶቡስ የተመላለስኩ ሰው ነኝ፤ እንደዚህ የረዘመብኝ መንገድ ግን የለም።

ባለቤቴ ሰብለ አርብ ዕለት ሆስፒታል ገብታለች። አንገቷ ላይ ያለው እብጠት ሰኞ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። ሐኪሙ ምንነቱ የሚታወቀው ወጥቶ ሲመረመር ነው ካለን ወዲህ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም። ፈርቻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ። ሰብለ መምህርት ስለሆነች ለልጆቹ እናታችሁ ለስልጠና አዳማ ሄዳለች አልናቸው። ማህሌት አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ናሆም ዘጠኝ፤ ለምን እናስጨንቃቸው ብለን ነው። ሰብለ አልጋ ስትይዝ አንድ ነገር ብቻ አደራ አለችኝ፤ ለንስሐ አባታችን ነግሬ በጸሎት እንዲያስቧት። በቤታችን ጸሎት የእሷ ድርሻ ነው፤ የእኔ የመብራትና የውኃ ሒሳብ ነው።

ካዛንቺስ

እስከ ስታዲየም በእግሬ ወረድኩና ሚኒባስ ያዝኩ። ረዳቱ አስራ አምስት ብር ተቀብሎኝ ካዛንቺስ አወረደኝ። ወርጄ ግን የቱ ጋ እንደቆምኩ ጠፋኝ። የንስሐ አባታችን ቤት የነበረበት የጭቃ ቤቶች መንደር ሰፊ መንገድ ሆኗል። የእግረኛው መንገድ ንጣፍ ያበራል፣ አበባ ተተክሎበታል፣ ብስክሌት የሚነዱ ልጆች ያልፋሉ። ያምራል፤ የማውቀው በር ግን የለም። ስልካቸውን ሰብለ እንጂ እኔ አልያዝኩም።

ጥግ ላይ ሶፍትና ማስቲካ የምትሸጥ ሴትዮ ጠየቅኩ።

«ቄሱን ነው? እሳቸውማ ከተነሱ ቆዩ። ጠዋት ጠዋት ግን ኡራኤል አይጠፉም፤ ቅዳሴ ሲወጣ ከዛፉ ሥር ነው የሚቀመጡት» አለችኝ።

ከእሷው አጠገብ ቦምቦሊኖ ይጠበሳል። ለልጆቹ አራት አስጠቅልዬ በባምቢስ በኩል ቁልቁል ወረድኩ። መኪናው ከዳር እስከ ዳር ቆሞ ጡሩንባውን ይነፋል፤ እኔ በእግሬ እቀድመዋለሁ።

ኡራኤል

በሩ ላይ ጧፍ ገዝቼ ገባሁ። እውነትም አባታችን ከዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። መስቀል ተሳለምኩና የሰብለን ነገር አጫወትኳቸው።

«እግዚአብሔር ይማርልን» አሉ። «የክርስትና ስሟ ማን ነበር? ስንቱን የንስሐ ልጅ ይዤ፣ እርጅናውም አለ፣ ይጠፋኛል።»

«እኔ... ሰብለ ነው የምላት፣ አባቴ።»

«ሰብለማ የዓለም ስሟ ነው። ስንት ዓመት ኖራችሁ?»

«አስራ ስምንት።»

«አንተስ ቤት ውስጥ ምን ብለህ ነው የምትጸልይላቸው?»

«ቤተሰቤን ጠብቅልኝ እላለሁ።»

«እሱማ ለዘበኛም ይባላል» አሉ፤ አልሳቁም። «አባት በየስማቸው እየጠራ ነው የሚጸልየው። ያስጨነቃቸውን ይጠይቅና እሱን ለእግዚአብሔር ይነግርላቸዋል። ሳይጠይቅ ምኑን ይነግራል?»

ሰብለ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሳላስብ ማህሌት ጋ ደወልኩ።

«ማሂዬ፣ የእናትሽ የክርስትና ስም ማን ነው?»

በቀጭን ድምፅ፣ «አባዬ፣ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለኸው?»

«አዎ።»

«እማዬ ሞተች?»

የክርስትና ስም በጥድፊያ ተደውሎ የሚጠየቀው ለፍትሐት ነው። አምና የሰብለ እናት ሲያርፉ ቄሱ ለፍትሐቱ የክርስትና ስማቸውን ደውለው ሲጠይቁ፣ ስልኩን ያነሳችው ይህችው ልጅ ነበረች። እንዴት አላሰብኩትም?

«አልሞተችም ልጄ፣ በማርያም። አሟታል፣ ሆስፒታል ናት። እየመጣሁ ነው» አልኳት።

እያለቀሰች «ወለተ ሥላሴ» አለችና ዘጋችው።

«ወለተ ሥላሴ። ያዝኩት» አሉ አባታችን። «በል ሂድ፣ ልጅቷን ብቻዋን አትተዋት።»

መልስ

ኮንትራት ታክሲ ያዝኩ። ሾፌሩ አራት መቶ ብር አለ፤ አልተከራከርኩም። ባምቢስ ላይ ቆምን፣ መስቀል አደባባይ ላይ ቆምን። ቦምቦሊኖው ጭኔ ላይ ቀዘቀዘ።

ማህሌት በሩን ከፍታ ቆማለች፤ ናሆም ቀሚሷን ይዟል። አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ እብጠቱንም፣ ሰኞንም፣ ሐኪሙ ያለውንም። ናሆም «ታዲያ አዳማስ?» አለ። ማህሌት ግን ተቆጣች።

«ከትናንት ጀምሮ እኛም እንጸልይላት ነበር እኮ፣ አባዬ። ለምን ከለከላችሁን?»

ከጭንቀት የጋረድኳቸው መስሎኝ ለእናታቸው እንዳይለምኑ አድርጌያቸው ኖሯል። ሥዕለ አድኅኖው ፊት ጧፍ አበራሁና፣ አባታችን እንዳሉት፣ ምን ልንገርላችሁ ብዬ ጠየቅኳቸው። ናሆም «እማዬን ሲቀዷት እንዳያማት» አለ። ማህሌት «ክፉው በሽታ እንዳይሆን» አለች። እኔ በሆዴ ይዤ የምዞረውን ቃል ልጄ አፍ አውጥታ ተናገረችው። የክርስትና ስማቸውንም ጠየቅኩ፤ ገብረ ሚካኤልና ፍቅርተ ማርያም ናቸው። እየጠራሁ ጸለይኩ፤ አማርኛዬ ይደነቃቀፋል።

ገና ሳንቀመጥ ሰብለ ደወለች፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት።

«እማዬ፣ አውቀናል፤ ጸልየንልሽ መነሳታችን ነው» አለች ማህሌት።

«ማን ነገራችሁ?»

«አባዬ የክርስትና ስምሽን ጠየቀኝ።»

«አያውቀውም እንዴ?» አለች ሰብለ። ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች። «በቃ፣ ለእኔም አንዴ ድገሙልኝ፤ እዚህ ብቻዬን ፈርቻለሁ።»

ስልኩን ከጧፉ አጠገብ አስቀመጥኩትና ወለተ ሥላሴ ብዬ ጀመርኩ።