የራዲዮው ማሟሻ

ልጄ ዛሬ ከአዳማ ገበያ የገዛችውን የሸክላ ድስት ዘይት እየቀባች ስታሟሸው፣ የጋለ ኑግ ሽታ ጓዳውን ሞላው።

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው፤ ስምንት ዓመቴ ነበር። እዚሁ ባቡር ጣቢያ ቴሌግራፍ የሚሠሩት አጎቴ ባለ አምፖል ራዲዮ ነበራቸው። ኮንደንሰር የሚሏት ትንሽ ዕቃ ተበላሽታባቸው ከጅቡቲ ባስመጡት አዲስ ተኳት። ድምፁ ግን ሻካራ ሆነ።

«አዲስ ዕቃ እኮ ነው፣ ገና አልተሟሸም። ሳምንት ይሥራና ይለሰልሳል» አሉን።

እኔ የማውቀው ማሟሸት አንድ ብቻ ነው። ሥራ ሲሄዱ ክዳኑን ከፍቼ የእናቴን የኑግ ዘይት አንቆረቆርኩበት። ላስደስታቸው ብዬ ነበር።

ተመልሰው ጎረቤት ሰብስበው ሲከፍቱት ተንጣጣ፣ ጨሰና ዝም አለ። ቤቱ የተቃጠለ ዘይት ሸተተ። አጎቴ ጎንበስ ብለው አሸተቱት፤ ቀና ብለው እኔን አዩኝ።

«የኔ እጅ ነው፤ ስበይደው ቸኩያለሁ» አሉ ለጎረቤቶቹ።

ከዚያ ወዲያ ሰው የተበላሸ ዕቃ ሲያመጣላቸው «እጄ አይታመንም» እያሉ ይመልሱ ነበር። እስኪሞቱ አልነገርኳቸውም።

«እማዬ፣ ጭሱ ነው እንዴ የሚያስለቅስሽ?» አለች ልጄ።

«ጭሱ ነው» አልኳት።