ሮቦቷን የገፋት ሰው

መቱ ውስጥ ባጃጅ ጭቃ ሲይዘው ግፉልኝ ብሎ የሚለምን የለም። አስተማሪውም ነጋዴውም ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ትከሻውን ይሰጣል። አባቴ ባጃጅ ነጂ ስለሆነ ሲገፋና ሲገፉለት ነው የኖረው። የሮቦት ውድድር ሕግ ግን ከዚህ ልማድ ጋር ጨርሶ አይስማማም።

ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አሰልጣኛችን ሕጉን እንደ ዳዊት አስደግመውናል። ጥገና ከግጥሚያው በፊት፣ በየቡድኑ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ነው። ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ግን ጎማ ቢወልቅም ሽቦ ቢላቀቅም ዝም ብሎ ማየት ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ሮቦቷን ከነካ ውጤቱ ዜሮ ይሆናል። በዚያ የማጣሪያ ቀን ዜሮ ማለት ደግሞ ለአገር አቀፉ ውድድር አዲስ አበባ መሄድ ቀረ ማለት ነበር። ዓመቱን ሙሉ ከትምህርት በኋላ የለፋነው ለዚያ ጉዞ ነው።

ሮቦታችን ሳጥኖች እየገፋች ብቻዋን ትሄድ ጀመር። ሁለቱን አደረሰች። ሦስተኛው ላይ ግን አንዱ ጎማዋ ተያዘና ባለችበት መንጫጫት ጀመረች። እጆቼን ከኋላዬ ቆልፌ ስጸልይ፣ ከአዳራሹ ተመልካቾች የፊት ረድፍ አንድ ሰው ተነሳ። ሱሪውን ሰብሰብ አደረገ፣ ጎንበስ አለና ገፋ አደረጋት።

«ዺሲ! ተወው!» አሉት በኦሮምኛም በአማርኛም አጠገቡ የነበሩት። ሮቦቷ ግን ሄዳለች። ሰውየው አባቴ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዳኛው ግጥሚያውን አስቆሙ። «እኚህ ሰውዬ የማን ናቸው?»

አባቴ ዙሪያውን ሲያይ ምን እንዳደረገ ገባው። «የማንም አይደለሁም» አለ። «መንገደኛ ነኝ፤ ዝናብ ልጠለል ነው የገባሁት።» ውሸት አይሆንለትም፤ ላብ አጥምቆታል። ወደ እኔ ላለማየት ጣሪያውን ያያል። እንደዚያ ብናደድበትም፣ «የማንም አይደለሁም» ማለቱን ግን መስማት አልቻልኩም። አዲስ አበባም ትቅር አልኩ።

«አባቴ ነው» አልኩ።

አሰልጣኛችን ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዳኛው ከባልደረባቸው ጋር ተንሾካሾኩ፤ ሲንሾካሾኩ መሸብኝ። በመጨረሻ «አባት የቡድን አባል አይደለም» አሉ። «የውጭ ሰው ከነካት ግጥሚያው ይደገማል። እርስዎ ግን፣ ጋሼ፣ እባክዎ እዚያ በሩ ጋ ይቀመጡልን።»

እፎይ ብዬ ወንበር ላይ ዘፍ አልኩ። ሮቦቷን ወደ ጠረጴዛችን ወሰድናት። ጎማዋ ሥር ከምንጣፉ የተመዘዘ ክር ተጠምጥሞ አገኘን። ፈታነው። በድጋሚው ሦስቱንም ሳጥን አደረሰች፤ አለፍን። አባቴ በሩ ጋ እጆቹን ብብቱ ውስጥ ቀብሮ እንደ ተቀጣ ተማሪ ተቀምጦ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ባጃጁን የሰፈራችን መታጠፊያ ላይ ጭቃ ያዘው። ዘልዬ ወረድኩ።

«እንዳትነኪ፣ ዜሮ ይሰጡናል» አለ መሪውን እንደያዘ። «ለመሆኑ አንቺ የማን ነሽ?»

«የማንም አይደለሁም፤ መንገደኛ ነኝ» አልኩትና ትከሻዬን ሰጠሁ።