የበጋ ማባያ

ባለፈው ኅዳር ከገዘር ወደ ጂንካ በሚኒባስ ስመለስ፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ጭኗ ላይ የያዘችው ዘንቢል ተገልብጦ ገና ያልደረቀ ቀይ ኮረሪማ እግራችን ሥር ተበተነ። ለመልቀም ጎንበስ ስንል አንዱ በረዳቱ ጫማ ተረግጦ ፈነዳና ሽታው መኪናውን ሞላው። ሴትዮዋ ፊቴን አየት አድርጋ፣ «እማማ፣ አመመዎት እንዴ?» አለችኝ። አላመመኝም። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ ምድጃ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ፣ ክዳኑ እንዳይነሳ የተከለከልኩትን ድስት ስጠብቅ የዋልኩባት አንዲት ዓርብ መጥታብኝ ነው።

ቤታችን ከአውሮፕላን ሜዳው ጀርባ ነበር። አባቴ ከሸዋ የመጣ የመንገድ ሥራ ሾፌር ሲሆን፣ እናቴ ደግሞ ገዘር አጠገብ ካለ ኮረብታ ላይ የተወለደች የአሪ ልጅ ነበረች፤ አማርኛን ያወቀችው ካደገች በኋላ ስለነበር አጭር አጭር አድርጋ ትናገራለች፣ የተናገረችውንም አትደግምም ነበር። ደርግ በመጣ በጥቂት ዓመት አባቴ መኪና እየነዳ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘመተና እናቴ፣ እኔና የአምስት ዓመቷ እህቴ አበባ ብቻችንን ቀረን።

እናቴ አንድ ሕግ ነበራት። ዋናው ምግብ ቂጣም ይሁን ቆጮ ወይም እንጀራ፣ በዚያው ዕለት ከጓሮ የተቀጠፈ ወይም የተቆፈረ ማባያ ከጎኑ ሳይኖር ገበታ አይቀርብም ነበር። አባቴ ሲሄድም ሕጉ አልተለወጠም፤ እንዲያውም ጠበቀ።

በመጋቢት ዝናቡ ሲጀምር ነገሩ ቀላል ነበር። የዱባው ሐረግ አጥሩን ተሻግሮ ይሄድ ስለነበር፣ ጫፍ ጫፉን ለጋ ቅጠል ቀጥፈን፣ የአገዳውን ጭረት እንደ ክር እየሳብን አውጥተን፣ ቅጠሉን በመዳፋችን አሸት አሸት አድርገን ሻካራነቱን እናጠፋና በነጭ ሽንኩርትና በቃሪያ እናበስለው ነበር። ጎመን የምንቀጥፈው ከሥር ከሥሩ እንጂ ከአናቱ አልነበረም። አበባ አንድ ቀን አናቱን ቆርጣ ስትመጣ እናቴ አልመታቻትም፤ የተቆረጠውን ግንድ በየጠዋቱ እየወሰደች ታሳያት ነበር፤ አዲስ ቅጠል እስኪያወጣ ድረስ።

በሰኔና በሐምሌ የበቆሎው እሸት ይደርስና ከለጋ አደንጓሬ ጋር ተፈልፍሎ፣ ትንሽ ዝንጅብል ተጨምሮበት ይቀቀል ነበር። ከአውራ ጣት የምታንስ የጓሮ ቲማቲምም ነበረችን፤ እሷን ከቃሪያና ከጨው ጋር በድንጋይ ጨፍልቀን በቂጣ ስንበላ እህቴ ሣህኑን በጣቷ ትጠርግ ነበር። ከመስከረም በኋላ ዱባው ራሱ፣ ከዚያም ከመሬት የሚቆፈረው ቦዬ ይከተላል። እስከ ኅዳር ድረስ የእናቴን ሕግ መጠበቅ ጥበብ አይጠይቅም ነበር።

ጥበቡ የሚፈተነው በበጋ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ መሬቱ ይሰነጠቃል፣ ጎመኑም ጠንክሮ ጥርስ ይፈትናል። ከኔሪ ወንዝ በጀርባችን ያመጣነው ውኃ መጀመሪያ እህል ይታጠብበት፣ ቀጥሎ ዕቃ ይታጠብበት፣ በመጨረሻም ጎመኑ ሥር ይፈስ ነበር። በዚያ ወቅት ያልከዱን ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ በአጥሩ ጥግ የቆመው ሽፈራው ነው፤ ሌላው ሲደርቅ እሱ ይለመልማል። ሁለተኛው ጎደሬ ነው፤ መሬት ውስጥ ቁጭ ብሎ እስኪቆፈር ይጠብቃል።

እትዬ በላይነሽ የመጡት ልክ በዚህ ወቅት፣ በጥር ወር፣ ቅዳሜ ቀን፣ በጭነት መኪና ነበር። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ አርባ ምንጭ ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ ልጅ አልወለዱም። አቧራቸውን ሳያራግፉ ጓሮውን ዞረው አዩና እናቴ ፊት ቆሙ።

«እነዚህ ልጆች ምን እየበሉ ነው?»

«የደረሰውን» አለች እናቴ።

«በበጋ ደግሞ ምን ይደርሳል?»

እናቴ በአገጯ ወደ ሽፈራው ዛፍ አመለከተች።

«ቅጠል! ኧረ አስቴር፣ ልጅ እኮ ፍየል አይደለም።»

«ፍየሏም በእሱ ነው የወፈረችው፣ እትዬ።»

እትዬ በላይነሽ ሳይፈልጉ ሳቁ፤ ነገር ግን የመጡበትን አልረሱም። ከሻንጣቸው ቡናማ ጫማ አውጥተው እግሬ ላይ አደረጉልኝና፣ «ወንድሜ ከዘመተ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ትልቋን ስጪኝ። እኔ ዘንድ ትማራለች፤ ወጥ ያለው እንጀራም ትበላለች። መኪናው በሳምንቱ ሲመለስ ይዣት ልሂድ» አሉ። ጫማው ልክ ሆነኝ፤ ልክ በመሆኑ ፈራሁ።

እናቴ ጫማውን አየችና፣ «ሳምንቱን አብረውን ይብሉ፣ እትዬ። እስከ ቅዳሜ። ልጆቼ ማባያ አጥተው ካዩ ይውሰዷት» አለች።

እናቴ እኔን አስይዛ ስትወራረድ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አላለቀስኩም። ከእሑድ ጀምሮ ግን ፀሐይ ሳትወጣ ተነስቼ፣ ከእናቴ ቀድሜ ጓሮ መገኘት ጀመርኩ።

እሑድ የጎመኑን ወፍራም አገዳ ልጠን፣ በስሱ ከትፈን በዝንጅብልና በነጭ ሽንኩርት አቀረብነው፤ ቅጠሉ ቢጠነክርም የአገዳው ውስጥ ለስላሳ ነበር። ሰኞ የበቆሎ ዱቄት ድብልብሉን ከሽፈራው ቅጠል ጋር ቀቅለን ኩርኩፋ አደረግነው። ማክሰኞ ከመከር የተረፈውን ዱባ ከቆጥ አወረድን፤ እናቴ ግን ዱባው የዛሬ ስላልሆነ ሕጉ እንዳይፈርስ ብላ ጓሮ ወጥታ፣ ሊደርቅ ከተቃረበው በሶብላ ሁለት ቅርንጫፍ ቀጥፋ ላዩ ላይ ጣል አደረገችበት። ረቡዕ ጾም ስለሆነ ቦዬ ተቀቅሎ፣ በሎሚና በተጨፈለቀ ቃሪያ ቀረበ። እትዬ በላይነሽ ይበላሉ፣ ነገር ግን አያመሰግኑም። ጣታቸውን ሲታጠቡ የሚሉት አንድ ቃል ነበር፤ «ነገስ?»

ሐሙስ ቀን እናቴ ቀበሌ ለሴቶች ስብሰባ ተጠራች፤ መቅረት አይቻልም ነበር። «ስመለስ ጎደሬውን እቀቅላለሁ። አትንኪው» ብላኝ ሄደች። ስብሰባው ግን እንደ ልማዱ ረዘመ። ቀትር አለፈ፣ አበባ «እራበኝ» ማለት ጀመረች፣ እትዬ በላይነሽም በሩ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ባዶውን ምድጃ ያዩ ነበር።

በትምህርት ቤት በቤት አያያዝ ክፍለ ጊዜ ድንችን በስሱ ቆርጦ፣ በሽንኩርትና በዘይት መጥበስ ተምረን ነበር። የመሃል አገር ሰው ድንች እንደሚወድ አውቃለሁ። ስለዚህ ጎደሬውን ቆፍሬ፣ ልጬ፣ እንደ ድንች ከትፌ፣ ለአንድ አፍታ ጠበስኩትና ቡናማ ሲሆን አወረድኩት። ታላቅ ሳይበላ መቅመስ ነውር ስለነበር አልቀመስኩትም።

እትዬ በላይነሽ ሣህኑን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «ድንች! ከየት አገኛችሁ?»

ዝም አልኩ። ሁለት ጊዜ ጎረሱ፤ ሦስተኛውን ሲያላምጡ ቆም አሉ፣ ከዚያም ጉሮሯቸውን ይዘው ብድግ አሉ። «ኧረ ጉሮሮዬ! መርፌ አጎረስሽኝ!» በደንብ ያልበሰለ ጎደሬ ጉሮሮ እንደሚቧጥጥ በእኛ አገር የሦስት ዓመት ልጅም ያውቃል፤ እኔም አውቅ ነበር። የድንች መልክ ስለሰጠሁት ጠባዩም የተለወጠ መስሎኝ ነበር። አበባ እጇን ስትሰድ ሣህኑን ከፊቷ ነጥቄ ወደ አመዱ ደፋሁት።

እናቴ የደረሰችው በዚህ መሃል ነው። ምንም ሳትጠይቅ ሎሚ ቆርጣ፣ «ይምጠጡት፣ እትዬ። ይለቅዎታል» አለች። ለቀቃቸውም፤ ዓይናቸው ግን እያነባ፣ «በቃ አየሁ። ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ» አሉ።

እናቴ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። የምትቆጣኝ መስሎኝ ነበር።

«ለምን ጠበስሽው?»

«ድንች እንዲመስላቸው።»

አየችኝ። «ጎደሬ ነው» አለች። «ጎደሬ ነው ብለሽ ስጪ። ነገ አንቺ ትሠሪዋለሽ።»

«አይበሉትም እኮ፣ እማዬ።»

«ይብሉ አይብሉ የእሳቸው ነው። ማብሰሉ ያንቺ ነው።»

ዓርብ ጠዋት መቆፈሪያውን ሰጠችኝና ወደ ውኃ ወረደች። ጎደሬውን ከነልጣጩ ድስት ውስጥ ደርድሬ፣ ውኃ አልብሼ፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍኜ ከደንኩት። ትእዛዟ ሽታው እስኪለወጥ ክዳኑን እንዳላነሳ ነበር። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቱ ሲደክም እንጨት እገፋለሁ፤ ሲበረታ እስባለሁ። አበባ መጥታ፣ «እንየው» ስትል አባረርኳት። ልቤ ግን ከእሷ የባሰ ክዳኑን ማንሳት ይፈልግ ነበር። ፀሐይዋ ከደጃፉ ወደ ጣሪያው ስትሸሽ ያ እንደ ጥሬ ሣር የነበረው ሽታ ጠፍቶ፣ ለስላሳና ጣፋጭ ሽታ መጣ። ያን ጊዜ በሌላ ድስት ሽፈራውን በነጭ ሽንኩርት፣ በቃሪያና በጥቂት ዘይት አበሰልኩ፤ ጎደሬውንም ልጬ ቆራርጬ ጨመርኩበት፤ በመጨረሻም ኮረሪማ ፈልፍዬ ወቅጬ ነሰነስኩበት።

ሣህኑን ይዤ እትዬ በላይነሽ ፊት ቆምኩ።

«ጎደሬ ነው፣ እትዬ። የትናንቱም ጎደሬ ነበር። ድንች ሲሉት ዝም ያልኩት እኔ ነኝ፤ እማዬ አላወቀችም።»

ከዚያ ነውርነቱን ትቼ እፊታቸው አንድ ቁራጭ ጎረስኩ። አላምጬ ዋጥኩ። እሳቸው ፊቴን ሳይሆን ጉሮሮዬን ይመለከቱ ነበር። ብዙ ከቆዩ በኋላ፣ «ሎሚ አምጪና ከጎኔ አስቀምጪልኝ» አሉ። ሎሚው ሲመጣ በግራ እጃቸው ያዙት፤ በቀኛቸው ትንሽ ቆንጥረው ቀመሱ። ጠበቁ። እንደገና ቆነጠሩ። ከዚያ ጎረሱ።

«ቃሪያው ነው ያጣፈጠው» አሉ፤ ለጎደሬው ምስጋና ላለመስጠት። ሣህኑ ባዶ ሲሆን ሎሚው እንዳለ እጃቸው ውስጥ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ልብሴን በነጠላ ጠቅልላ አሰረች። ቃል ሰጥታ ነበርና አላወላወለችም። ጫማውን አድርጌ ጥቅሉ ላይ ተቀመጥኩ። ከመንገዱ የመኪናው ጥሩምባ ሲሰማ እትዬ በላይነሽ ወጡና መጀመሪያ ጥቅሉን፣ ቀጥሎ እናቴን አዩ።

«አስቴር፣ እኔ ቤቱ አጥቷል ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ። «ይህ ቤት አጥቶ አይደለም ቅጠል የሚበላው፤ አውቆ ነው። ልጅቷ ትቆይ። ደግሞ ከዚያ ከአፈኛው ጎደሬ ችግኝ ስጪኝ፤ የማልወዳቸው እንግዶች አሉኝ።»

እናቴ ሁለት ችግኝ ነቅላ፣ ሥሩን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሰጠቻቸው። እኔ ጫማውን ለማውለቅ ጎንበስ ስል፣ «ተይው! እግሩን ካገኘ በኋላ ምን ላደርገው ነው?» አሉኝ። መኪናው በአቧራው ውስጥ ሲጠፋ እናቴ ጥቅሉን ፈታች፣ ልብሴንም በየቦታው መለሰች። አላቀፈችኝም። «የዛሬውን ማባያ ቅጠፊ» አለች። «ከሥር ከሥሩ።»

አባቴ ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ እግሩን እያነከሰ ተመለሰ። በደረሰበት ቀን በጋ ነበር፤ ገበታው ግን ሙሉ ነበር።

አሁን የምኖረው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። አጥሩ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ባጃጅ እደጃፋችን ድረስ ይመጣል፤ በበጋም ሆነ በክረምት ቲማቲምና ጥቅል ጎመን ከሌላ አገር በመኪና ተጭኖ ስለሚመጣ የልጅ ልጆቼ የትኛው በየትኛው ወር እንደሚደርስ አያውቁም። ይህን ስል ልወቅሳቸው አይደለም፤ እኛ ያወቅነው ግድ ሆኖብን ነው። እኔ ግን በሽፈራው ሥር አንድ መደብ ጎደሬ መትከል አልተውኩም። በጥር አንድ ቀን ቆፍሬ ስጥድ፣ ትንሿ የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት ትመጣና፣ «አያቴ፣ ይሄ ነገር ቶሎ አይደርስም? እንደ ድንች ጥበሺልኝ» ትለኛለች። «ጎደሬ ነው» እላታለሁ። እሷ ወደ ስልኳ ትመለሳለች። እኔ እንጨቱን ገፋ አድርጌ እቀመጣለሁ፤ ክዳኑን ግን አላነሳም።