ከመቶ በላይ አይሠራም

ሸዋነሽን ለማናደድ ብዙ ነገር አያስፈልግም፤ ይህን ወረታ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት መገንጠያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ አጠገብ፣ በአንዲት ቆርቆሮ በረንዳ ሥር የእግር ስፌት መኪናዋን ዘርግታ ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ጠግናለች። ባጃጅ ነጂዎቹ አጠገቧ ጡሩንባ ከነፉ ቀና ብላ ትሰድባቸዋለች፤ እነሱም ስድቧን ለመስማት ሲሉ ይነፋሉ። እውነተኛ ቁጣዋን ያዩት ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ነው። ያመጣውም አሻንጉሊት ነው። በአሻንጉሊት ሰው ይጣላል ብሎ ማን ይጠረጥራል?

አሻንጉሊት መሥራት የጀመረችው ልትነግድበት አልነበረም። ልብስ ሲጠገን ቁራጭ ይተርፋል፣ እናቶች ልጅ አዝለው ልጅ ጎትተው ይመጣሉ፣ ልጅ ደግሞ ያለቅሳል። አንዷን ዝም ለማሰኘት ብላ አንድ ቀን ሰፋችላት፤ በማግስቱ አምስት መጡ። ከዚያ ወዲያ ሥራው የራሱን ሥርዓት አበጀ። ሸዋነሽ ለአሻንጉሊት አዲስ ጨርቅ አትቆርጥም። ልጅቷ ከቤቷ የሚወዳት ሰው የለበሰውን አሮጌ ነገር ይዛ ትመጣለች፤ የእናቷን ቀሚስ፣ የአያቷን ጋቢ ጫፍ፣ የወንድሟን ሸሚዝ። ሆዱ ጥጥና ታጥቦ የደረቀ ብጥስጣሽ ነው። መጀመሪያ ላይ በነፃ ይገኛል ብላ የሩዝ ገለባ ሞልታበት ነበር፤ በሳምንቱ አይጥ የሦስት አሻንጉሊቶችን ሆድ ዘርግፎ ሄደ፣ ሦስት እናቶችም በረንዳው ላይ ቆመው የሚገባትን ነገሯት። ፀጉሩ ጥቁር ክር ነው፣ ሹሩባ ይሠራል። ዓይኑ የሚሰፋው መጨረሻ ላይ፣ ባለቤቷ ልጅ እያየች ነው። ዋጋው እናትየዋ ያላት ነው፤ የሌላት አንድ ጣሳ ሩዝ ታመጣለች፣ እሱም የሌላት መርቃት ትሄዳለች።

ሰውመሆን የመጣው በኅዳር፣ ሩዝ በሚታጨድበት ወቅት ነው። ባሕር ዳር ለእንግዶች የሚሸጥ ዕቃ የሚያቀርብ፣ ጫማው የፎገራን ጭቃ ያላየ ጎልማሳ ነው። መኪናው ሐሙሲት ላይ ተበላሽቶበት በባጃጅ ሲመጣ፣ አንዲት ልጅ አሻንጉሊት አዝላ አየና ወረደ፤ ልጅቷም የሸዋነሽን በረንዳ አሳየችው።

"እትዬ ሸዋነሽ፣ እነዚህን እርስዎ ነዎት የሚሠሯቸው?" አላት። "ዓለም ላይ አሻንጉሊት የሚሰበስቡ ትልልቅ ሰዎች አሉ።"

"ትልልቅ ስትል?"

"ጢም ያላቸው ሁሉ አሉ።"

ሸዋነሽ ሳቀች። ያን ቀን ገና ትስቅ ነበር።

ሰውዬው ግን አልሳቀም፤ ስልኩን አውጥቶ አሳያት። መስተዋት ሳጥን ውስጥ የቆሙ አሻንጉሊቶች፣ እግራቸው ሥር ቁጥር የተጻፈባቸው። ለእሱ መቶ እንድትሠራለት ይፈልጋል። መቶዋም አንድ ዓይነት ነጭ ሸማ ይልበሱ፣ ከአንድ እስከ መቶ ይቆጠሩ፣ ከዚያ በኋላ ግን በእሷ እጅ ሌላ አሻንጉሊት አይሠራም። "በየመንገዱ ካለ ማን ይፈልገዋል? ሰው የሚከፍለው ላጣው ነገር ነው" አላት።

"ይህንን እኔም አውቃለሁ" አለችው። "ሩዙን ቆልፎ ዋጋ እስኪንር የሚጠብቅ ነጋዴ ሞልቷል። ምን ብለን እንደምንጠራው ልንገርህ?"

"ይህ እኮ ሩዝ አይደለም። አሻንጉሊት በመጥፋቱ ማን ይራባል?"

ለዚህ መልስ አልነበራትም። የቤቷ ጣሪያ ደግሞ ሁለት ክረምት አፍስሷል፤ ሰውዬው ለአንዷ የሚከፍላት እሷ ሃያ ሠርታ የማታገኘውን ነው። እሺ አለች። ይህን ጊዜ ነው ሰውመሆን ከቦርሳው ውል አውጥቶ ይፈርሙ ያላት፤ እሷም እዚያው ላይ ነው ለዘላለም የምትረግመውን ጥፋት ያጠፋችው። ወረቀቱን አይታ ደሟ ፈላ። ከአባቷ ጀምሮ በቃላቸው የኖሩ ሰዎች ልጅ ናት፤ በረንዳዋ ላይ ወረቀት ተዘርግቶ ይፈርሙ መባል እንደ ሌባ መቆጠር መሰላት።

"ወረቀትህን አንሳ" አለችው። "ኪዳነ ምሕረት ምስክሬ ናት፣ ከመቶ በላይ በእጄ አይሠራም።"

ከጎኗ የስልክ ካርድ የምትሸጠው መሲ ክው ብላ ቀረች። ሰውመሆን ራሱ ደነገጠ። ከድንጋጤው ሲመለስ ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ቦርሳው ከተተ፤ ከወረቀት የሚበልጥ ነገር ማግኘቱ ገብቶታል።

ሥራው ስድስት ወር ፈጀ። እነዚያን ስድስት ወራት ሸዋነሽ እንዴት እንደኖረቻቸው መሲን ጠይቋት። ልጆች የእናታቸውን ቀሚስ በጉያቸው አድርገው ይመጣሉ፤ ሸዋነሽ "አልሠራም፣ ሂጂ" ትላለች። ልጆቹ አይሄዱም፤ በረንዳው ጫፍ ቁጭ ብለው፣ ነጭ በነጭ የለበሱትን የሰውመሆንን አሻንጉሊቶች ያያሉ። አንዷ እናት "ወርቅ መስፋት ጀመረች" ብላ በነገር ጠቅ አድርጋት አለፈች። ሸዋነሽ ምላሿን ዋጠች፤ ምላስ ያላት ሴት ምላሽ ስትውጥ ደግሞ ያማል።

ይባስ ብሎ አንድ ቀን መሲ ስልኳን አቀበለቻት። ቀደም ብላ ያስረከበቻትን ቁጥር አሥራ ሁለትን ከገዛት ሰው ላይ ሌላ ሰው ገዝቷታል፣ በአንድ ወይፈን ዋጋ። ሸዋነሽን ያቃጠላት ዋጋው አልነበረም። አሻንጉሊቷ ከመጣችበት ላስቲክ እንኳ አልወጣችም። "ከወጣች ዋጋዋ ይወርዳል ይላሉ" አለች መሲ።

"እና አንድም ልጅ አላቀፋትም?"

"ልጅ ከነካትማ አበቃላት።"

ሸዋነሽ ስልኩን መልሳ፣ መርፌዋን አነሳች፤ መስፋት ግን አልቻለችም። የሰፋችው ዓይን ሁሉ ላስቲክ እያየ ቁጭ ብሏል። ስድስት ወር ሙሉ የደከመችው ለዚህ ነው? የወረታን ልጆች ያባረረችው ለዚህ ነው?

ዘጠና ዘጠኙን አስረክባ አንዲት ብቻ ስትቀራት፣ ከፎገራ ሜዳ አበረ የሚባል ገበሬ ስድስት ዓመት የሆናትን ልጁን ሉሊትን ይዞ መጣ። አበረን ታውቀዋለች፤ ሚስቱ እናኑ በገበያ ቀን በረንዳዋ ላይ አረፍ የምትል ጨዋታ አዋቂ ነበረች። በበጋው ታመመች፤ አበረ ለሕክምና አንዱን በሬውን ሸጠ፣ እናኑም አልተረፈች። አሁን ጭቃ የያዘ አረንጓዴ ቀሚሷን ጠቅልሎ ይዟል።

"እናቷ ከሞተች ወዲህ ልጅቷ አፏን አልፈታችም" አለ። "እናቷ እትዬ ሸዋነሽ ጋ እናሠራልሻለን ብላት ነበር መሰለኝ፣ ቀሚሱን ይዛ መንገድ መንገድ ታየኛለች።"

መቶኛዋን ከአረንጓዴው ቀሚስ ቆረጠች። ነጭ ሸማ የለም፣ ቁጥር የለም። ዓይኑን ስትሰፋ ሉሊት ትንፋሿን ይዛ አየች፤ ስትጨርስ አሻንጉሊቷን ተቀብላ አንገቷ ሥር ሸጉጣ፣ "እናኑ ናት" አለች። ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ሰውመሆን የመጨረሻዋን ሊወስድ ሲመጣ ሸዋነሽ ሁሉንም ፊት ለፊት ነገረችው። ይጮኻል ብላ ነበር፤ ለጩኸት ተዘጋጅታለች። ሰውዬው ግን ፈገግ አለ። "የመጨረሻዋ እናቷ የሞተችባት ልጅ ጋ ነች? ከእናትየዋ ቀሚስ የተሠራች?" አለ። "እትዬ፣ እንዲህማ ከሆነ ዋጋዋ ከሁሉም ይበልጣል።"

የት እንደሚኖሩ ጠየቃት። አልነገረችውም። ምን ዋጋ አለው፤ ባጃጅ ነጂ የማያውቀው ቤት የለም።

በሳምንቱ አበረ መጣ። ልጁን ይዟል፣ ልጁ ግን እጁን አልያዘችም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ትከተለዋለች። እጆቿ ባዶ ናቸው። ሸዋነሽ ሳይነግራት ገባት።

"ሸጥካት" አለችው።

አበረ አንገቱን ደፋ። ሉሊት ጥጃ ልታስር ወጥታ ሳለ ነበር የሰጠው። ተመልሳ አልጋውን፣ ደጁን፣ የገለባውን ክምር ሁሉ ፈልጋ ፈልጋ ስታበቃ ነገራት። በሬ ገዛንበት አላት። ዋጋውንም ነገራት፤ ብዙ መሆኑን ስትሰማ የምትጽናና መስሎት።

"የእናቷን ቀሚስ!" አለች ሸዋነሽ። "አንተ ሰው፣ ልብ አለህ?"

"እትዬ ሸዋነሽ፣ አንድ በሬ ያለው ሰው በዘር ሰዓት የሰው በሬ ሲለምን ይውላል፤ የጎረቤት ማሳ ካለቀ በኋላ ነው የሚደርሰው። ዘንድሮ ዘሩ ካመለጠኝ ለልጅቷ ምን ላበላት ነው? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?" ድምፁ ከፍ አላለም። "ያንን ሁሉ ገንዘብ ለጨርቅ የሚከፍል ሰው መኖሩን እኔ አላመጣሁትም።"

ማንን ትስደብ? አበረን ልትሰድብ አልቻለችም፤ ጣሪያዋ የተሠራው በዚሁ ገንዘብ ነው። አበረ ከጉያው የእናኑን መቀነት አወጣ። የቀረው ይህ ብቻ ነው አለ። ሌላ ትሥራላት።

"ምያለሁ" አለች ሸዋነሽ።

በማግስቱ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ የንስሐ አባቷን ቄስ እንግዳውን ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ አገኘቻቸው። ከሥር ጀምራ ነገረቻቸው። "ወረቀት ቢሆን ኖሮ ቀድጄ ምድጃ ውስጥ እጨምረው ነበር፣ አባቴ። ወረቀት ሲሰጠኝ ናቅሁት።"

"ማዪ ያለሽ ሰው ነበር?"

"የለም። ትዕቢቴ ነው።"

"ኪዳነ ምሕረትን ለንግድ ጠራሻት" አሉ ቄስ እንግዳው። "ንስሐሽም ለዚህ ነው። ሰባት ቀን ጹሚ፤ በየቀኑ አርባ አንድ ስገጂ። ሕፃን ለሚያስለቅስ ነገር ግን እሷን ዋስ አድርገሽ አታቁሚያት። ሄደሽ ሥሪ። ቃል የሰጠሽውን ሰው ግን አስቀድመሽ ንገሪው፤ ተደብቀሽ ብትሰፊ ሌብነት ነው።"

ከበረንዳዋ፣ አበረንና ሉሊትን አስጠርታ፣ በመሲ ስልክ፣ ሰፈሩ ሁሉ እየሰማ ደወለችለት። "ሰውመሆን፣ ቃሌን አፍርሻለሁ። ዛሬ መቶ አንደኛዋን እሠራለሁ።"

"እትዬ፣ እባክዎ። አንዲት እንኳ ከጨመሩ መቶዎቹ ሁሉ ይረክሳሉ። ሰዎቹ ገንዘባችንን መልስ ይሉኛል።"

"ይርከሱ። አሻንጉሊት ሲረክስ ነው ልጅ ጋ የሚደርሰው። አሻንጉሊት ቢጠፋ ማን ይራባል ብለኸኝ ነበር፤ መልስ አጥቼልህ ነበር፣ አሁን አለኝ። ና፣ የተራበችዋን ላሳይህ፤ እዚህ አጠገቤ ቆማለች። የከፈልከኝ ለሠራሁት ነው፤ ላለመሥራቴ የከፈልከኝ ካለ ና ውሰድ።"

"ቢያንስ ሰው ፎቶ እንዳያነሳት ያድርጉ።"

"መሲ፣ አንሺያት" አለች ሸዋነሽ ስልኩን እየመለሰችላት።

መቀነቱ ሰፊ አልነበረም፤ አሻንጉሊቷ ከሌሎቹ አነስ ብላ ወጣች። ዓይኗን ስትሰፋ ሉሊት እንደ ፊተኛው አልተጠጋችም። ከአባቷ ራቅ ብላ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። ሸዋነሽ ክሩን በጥርሷ በጥሳ አሻንጉሊቷን ዘረጋችላት።

ልጅቷ እጇን ወደ ኋላዋ ደበቀች።

"ይህችስ ስንት ታወጣለች?" አለች።

አበረ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ስድስት ዓመቷ ነው። የወተት ጥርሷ ገና አልተነቀለም፣ ዋጋ ትጠይቃለች። ሸዋነሽ ቁጣዋን ይዛ፣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ከልጅቷ እኩል ሆነች።

"ምንም አታወጣም።"

"አንድ ብርስ?"

"አንድ ብርም። ነገ ሌላ እሠራለሁ፣ ከነገ ወዲያም ሌላ፤ አሻንጉሊት ወረታን እስኪሞላት ድረስ እሠራለሁ። ማንም አይገዛትም።"

ሉሊት አባቷን አየችው፣ መልሳ ሸዋነሽን አየቻት። "እውነት ማንም አይፈልጋትም?"

"ማንም።"

ያኔ ልጅቷ እጇን አወጣች፣ አሻንጉሊቷን ተቀበለች፣ ነጠላዋን አውርዳ ጀርባዋ ላይ አጥብቃ አዘለቻት።